ኮርሴት፣ ጅራፍና ፖስታ ቤት፦ የድሮ የፌቲሽ ፎቶዎች ከየት መጡ? ለምንስ ይማርካሉ?

ጥያቄው የመጣው ፋሽን ዲዛይን ከምትማር አንዲት ወጣት ነው። ባጭሩ እንዲህ ትላለች፦ «ለትምህርቴ የ1950ዎቹን የውስጥ ልብስ ስፈልግ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ደጋግመው ይመጡብኛል። ኮርሴትና ረጅም ታኮ ያደረጉ፣ ጅራፍ የያዙ፣ እርስ በርስ በገመድ የሚተሳሰሩ ሴቶች ናቸው። ማን ነው ያነሳቸው? ለማን? ሰው እስካሁን ለምን ይወዳቸዋል? ሴቷ አዛዥ ሆና የምትታይባቸው ደግሞ፣ ሥልጣኑ እውነት የእሷ ነበር? ብጠይቅ ነውር ከሆነ ይቅርታ።»

ነውር የለውም እህቴ። የድሮ ፎቶ መለየትና መሰነድ ሥራዬ ነው፤ እነዚህንም ከሌሎቹ ነጥዬ አላያቸውም። «ፌቲሽ» የሚባሉት ለአንድ ልብስ፣ ጫማ ወይም ሁኔታ ልዩ ወሲባዊ መሳብ ላለው ሰው ስለሚሠሩ ነው። ለአዋቂዎች ተብለው የተሠሩ ናቸው፣ እሱ እውነት ነው። ግን የፎቶግራፍ፣ የልብስና የሕግ ታሪክ አንድ ላይ ይገኝባቸዋል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፍልሻለሁ።

ካየሻቸው ውስጥ ብዙዎቹ ከአንዲት የኒው ዮርክ ሱቅ የወጡ ይመስለኛል። «ሙቪ ስታር ኒውስ» ትባላለች፤ ማንሃተን፣ ምሥራቅ 14ኛ መንገድ ላይ ነበረች። ባለቤቶቹ ኧርቪንግ ክሎው እና እህቱ ፖላ ናቸው። ዋና ንግዳቸው የፊልም ተዋናዮችን ፎቶ በሱቅና በፖስታ መሸጥ ነበር። ታዲያ አንዳንድ ደንበኞች ለየት ያለ ነገር መጠየቅ ጀመሩ፤ ከፊልሞቹ መሃል ሴት በገመድ የታሰረችበት ትዕይንት ካለ ላኩልን ይላሉ። የሚጠየቀው ከሚገኘው ሲበልጥ ክሎው ራሱ ሞዴሎች ቀጥሮ ማስነሳት ጀመረ። ፎቶዎቹን የወለዳቸው የደንበኞች ደብዳቤ ነው ማለት ይቻላል። አንዱ ረጅም ጓንት ይፈልጋል፣ አንዱ ጥቁር ስቶኪንግ፣ አንዱ ሁለት ሴቶች ሲታገሉ፣ አንዱ ደግሞ አንዷ ሌላዋን ስትቀጣ። ክሎውም የተጠየቀውን አዘጋጅቶ ይልካል።

ከግንባሯ ላይ ፀጉሯን ቀጥ አድርጋ የተቆረጠችው፣ የምትስቀዋ፣ ቤቲ ፔጅ ናት። በ1923 ናሽቪል፣ ቴነሲ ተወለደች፤ በድህነት አድጋ መምህርነት ተምራ ኮሌጅ ጨርሳለች። በ1950 ኮኒ አይላንድ ባሕር ዳርቻ ላይ ፎቶ ማንሳት የሚወድ አንድ ፖሊስ አገኛት፤ ያንን የፀጉር አቆራረጥ የመከራት እሱ ነው። ከ1952 እስከ 1957 ከክሎዎች ጋር ሠራች። አንድ ፎቶ ላይ አለንጋ ይዛ ቆማ ታያታለሽ፣ በሚቀጥለው እሷው ታስራ፣ ቀጥሎ ደግሞ አፏን ሞልታ ስትስቅ። በጣም የምወደው ይህንን ነው። ጨዋታ መሆኑን አትደብቅሽም።

አሁን ልብ ብለሽ ተመልከቺ። በክሎው ፎቶዎች ውስጥ እርቃን የለም። ወንድ የሚባልም አይታይም። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። በ1873 የወጣው የኮምስቶክ ሕግ ብልግና የተባለን ነገር በፖስታ መላክ ወንጀል አድርጎታል፣ የክሎው ንግድ ደግሞ እግሩም እጁም ፖስታ ነው። ስለዚህ ሞዴሎቹ ምንም ገላ እንዳይታይ ሁለት የውስጥ ሱሪ ደርበው ይለብሱ ነበር። ወንድና ሴት አንድ ላይ ከታዩ የወሲብ ትዕይንት ነው መባሉ ስለማይቀር አዛዧም ታዛዧም ሴት ሆኑ። ወንዱ ከፎቶው ወጥቶ በተመልካቹ ቦታ ብቻ ቀረ። ለኔ የነዚህን ፎቶዎች መልክ የወሰነው ከሁሉም በላይ ይህ ነው፤ ሳንሱሩ ገላውን ሲያወጣ ትኩረቱ በሙሉ ወደ ጫማው፣ ወደ ጓንቱ፣ ወደ አቋቋሙና ወደ አይኑ ሄደ። ሕጉ ሊያጠፋቸው የወጣ ቢሆንም ስታይላቸውን የሰጣቸው እሱ ነው።

ፖላን ደግሞ አትርሺያት። ገመዱን የምታስረው፣ አቋቋሙን የምታስተካክለው፣ ብዙ ጊዜ ካሜራውንም የምትይዘው እሷ ነበረች። ያ ሁሉ የወንድ ምኞት የተቀረጸው በአንዲት ሴት እጅ ነው።

ግን ነገሩ ኒው ዮርክ አልተጀመረም። በ1869 ሊዮፖልድ ፎን ዛኸር-ማዞኽ የሚባል፣ ለምቤርግ (የዛሬዋ የዩክሬን ልቪቭ) የተወለደ ደራሲ ከፋኒ ፒስቶር ጋር ውል ተፈራረመ። ለስድስት ወር ባሪያዋ ሊሆን። እሷም በተቻላት መጠን ፀጉራም ካባ ልትለብስለት። ውሉ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ፤ ለራሱ ሥራ በቀን ስድስት ሰዓት እንድትተውለት ተጽፏል! አገልጋይ መስሎ ጣሊያን ድረስ አብሯት ሄደ። አብረው የተነሱት ፎቶም ዛሬ ድረስ አለ፤ እሷ ካባዋን ለብሳ ጅራፍ ይዛ ተቀምጣለች፣ እሱ እግሯ ሥር ነው። አዛዥ ሴትንና ታዛዥ ወንድን አንድ ላይ ከሚያሳዩ ቀደምት ፎቶዎች አንዱ ይህ ነው። በ1870 ታሪኩን ልብ ወለድ አድርጎ «ቬነስ በፀጉር ካባ» ብሎ አሳተመው። ገና በሕይወት እያለ ሐኪሙ ክራፍት-ኤቢንግ «ማዞኪዝም» ብሎ ስሙን ለዝንባሌው ሰጠው።

ሐሳቡ ራሱማ ከዚያም ያረጃል። አንዲት ሴት በፈላስፋው አርስጣጣሊስ ጀርባ ላይ እንደ ፈረስ ስትቀመጥበት የሚያሳይ ተረት በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ይወራ ነበር፤ ሃንስ ባልዱንግ በ1513 በእንጨት ቀርጾ አትሞታል። ያኔ የተነገረው ወንዶች እንዲጠነቀቁ ነው። ግን ሰዎች ሥዕሉን ደጋግመው ሠሩት፣ ደጋግመው ገዙት። ማስጠንቀቂያ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንዴ ይበቃ ነበር።

ፎቶው ወደ ንግድ የገባው በተለይ ፓሪስ ነው፣ በ1920ዎቹና 30ዎቹ። ለፋሽን ተማሪ ይህ ክፍል ወርቅ ነው። «ኢቫ ሪሻር» የሚባል የባልና ሚስት የውስጥ ልብስ ቤት ነበር። ሚስትየው ናቲቫ የራሷን ዲዛይን ራሷ ለብሳ ትነሳ ነበር፤ ቆዳ፣ ብረት፣ ጥልፍ፣ የማያልቅ ቦት ጫማ። «ዲያና ስሊፕ» የሚባል ተፎካካሪም ነበራቸው፣ እሱ ደግሞ ብራሳይንና ሮዤ ሻልን የመሰሉ ፎቶ አንሺዎች ያሠራ ነበር። የውስጥ ልብስ ካታሎግ ነው ስለሚባል በግልጽ ይሸጣል፤ ገዢው የፈለገው ልብሱን ይሁን ፎቶውን፣ የሚያውቀው ራሱ ነው። ከነሱ ጎን ዣክ ቢደረር እና ወንድሙ ሻርል ስቱዲዮ ነበራቸው፤ ዛሬ የቼክ ከሆነችው ከሞራቪያ ፓሪስ የገቡ አይሁዶች ናቸው። የነሱ ፎቶዎች ቲያትር ናቸው፤ አሠሪና ገረድ፣ አስተማሪና ቅጣት፣ ፈረስና ጋላቢ፣ ወንዶችም አሉበት። ጀርመኖች ፈረንሳይን ያዙ። ወንድማማቾቹ በ1942 ወደ ናዚዎች የሞት ካምፕ፣ ወደ አውሽቪትስ ተጋዙ፣ አልተመለሱም። ፎቶዎቻቸው «የድሮ የፓሪስ ጨዋታ» ተብለው ያለ ስማቸው ሲሸጡ ሳይ እናደዳለሁ። ለጥናትሽ ከተጠቀምሽባቸው እባክሽ ስማቸውን ጻፊ።

ከፓሪስ ወደ ኒው ዮርክ ድልድይ የሆነው ጆን ዊሊ ነው። እውነተኛ ስሙ ጆን ኩትስ፤ በ1902 ሲንጋፖር የተወለደ እንግሊዛዊ፣ ከእንግሊዝ ጦር መኮንኖች ትምህርት ቤት የወጣ፣ አውስትራሊያ ሄዶ በጫማ ፍቅር የነደደ ሰው። በ1946 «ቢዛር» የተባለ መጽሔቱን ጀመረ። ራሱ ይስላል፣ ራሱ ፎቶ ያነሳል፣ ራሱ ይጽፋል። የመጽሔቱ ልብ ግን የአንባቢዎች ደብዳቤ ገጽ ነው። ይህም ከሱ አልጀመረም፤ በ1860ዎቹ የእንግሊዝ የቤት እመቤቶች መጽሔት ላይ ስለተጠበቀ ኮርሴት ሰዎች እየተከራከሩ ይጽፉ ነበር፣ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ «ለንደን ላይፍ» ላይ። ከፊሉ ደብዳቤ ምናብ ነው፣ ግልጽ ነው። ግን ምናቡን የሚጋራ ሰው ሌላ ቦታ እንዳለ ማወቅ ያኔ ትልቅ ነገር ነበር። ብቻዬን ነኝ የሚል ሰው ብቻውን እንዳልሆነ የሚያየው በዚያ ገጽ ነው።

ለክሎው ከሳሉት መካከል ኤሪክ ስታንተን እና ጂን ቢልብሩ ይታወቃሉ። ስታንተን ግዙፍና ብርቱ ሴቶች ትንንሽ ወንዶችን ሲጥሉ መሳል ይወድ ነበር፤ ሕጉ ከፎቶው ያስወጣው ወንድ በሥዕል ተመልሶ ገባ። ማንሃተን ውስጥ አሥር ዓመት ያህል ስቱዲዮ የተጋራው ከስቲቭ ዲትኮ ጋር ነው፤ አዎ፣ ስፓይደርማንን የሳለው። ቢልብሩ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ሁሉም ሞዴሎች ማለት ይቻላል ነጮች በነበሩበት ገበያ ውስጥ ትልቅ አሻራ ያለው ጥቁር ሠዓሊ፣ ግን ስሙ ከሥራው በጣም ባነሰ የሚነሳ።

እንግዲህ ለምን ይማርካሉ?

አንዱን መልስ ከልብስ ልጀምርልሽ። ናይለን ስቶኪንግ አሜሪካ ውስጥ በሰፊው መሸጥ የጀመረው በ1940 ነው። ወዲያው ጦርነቱ ናይለኑን ለፓራሹት ወሰደው። ጦርነቱ ሲያልቅ ሴቶች ለአንድ ጥንድ ስቶኪንግ ተሰልፈው ተጋፍተዋል። ስለዚህ በ1952 አንድ ሰው የቤቲን ጥቁር ናይለን ሲያይ እኛ የምናየውን አይደለም የሚያየው፤ ከጥቂት ዓመት በፊት የጠፋ፣ ውድ፣ የሚናፈቅ ነገር ነው የሚያየው። ስቲሌቶ ታኮም እንዲሁ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው ገበያ የገባው፣ ያን ያህል ቀጥኖ ሰው እንዲሸከም ውስጡ ብረት ማስገባት አስፈልጓል። ኮርሴቱ ግን ተቃራኒ ነው። በ1920ዎቹ ሴቶች አውልቀው ጥለውታል። ዊሊ በ1946 ወገብ የሚያንቅ ኮርሴት ሲያሳይ የልጅነቱን ዘመን ሴቶች እያስታወሰ ነው። ይገባሻል? እኛ ዛሬ «የድሮ» ብለን የምንወዳቸው ፎቶዎች ያኔ በአዲስነታቸውም ወደ ኋላ የሚያዩ ነበሩ። ናፍቆት ከመጀመሪያው ውስጣቸው አለ።

ሁለተኛው ብርሃኑ ነው። ጥቁርና ነጭ ፊልም ቀለም ይወስድብሽና የሚዳሰሰውን ይተውልሻል። የሚያብረቀርቅ ቆዳ ላይ ፍላሽ ሲያርፍ ስለታም ነጭ መስመር ይወጣል፣ ሳቲን ላይ ለስላሳ ይሆናል፣ ሱፍ ላይ ይጠፋል። በዓይን የሚዳሰስ ፎቶ ነው። ለተወሰነ ጨርቅ ወይም ጫማ ልቡ ለሚመታ ሰው ከዚህ የተሻለ መንገድ ያለ አይመስለኝም። በዚያ ላይ ክፍሎቹ ተራ ናቸው፤ ሶፋ፣ መጋረጃ፣ ወንበር። ያ ተራነት ምኞቱን ወደ ቤት ያቀርበዋል።

አዛዥ ሴትን በተመለከተ ብዙ ጊዜ የምትሰሚው ማብራሪያ «ቀኑን ሙሉ ሲያዝ የሚውል ሀብታም ማታ መታዘዝ ይፈልጋል» የሚል ነው። ጥሩ ወሬ ነው፣ ግን አይበቃም። አሜሪካዊው ተመራማሪ ጀስቲን ሌህሚለር 4,175 አሜሪካውያንን ስለ ወሲባዊ ምናባቸው ጠይቆ በ2018 ባሳተመው ሥራ፣ የመታዘዝና የማዘዝ ምናብ በወንዱም በሴቱም በጣም የተለመደ ሆኖ አግኝቶታል። የሹም በሽታ አይደለም። እኔ እንደማስበው ሰውን የሚስበው ዋናው ነገር ኃላፊነትን ለተወሰነ ሰዓት ለሌላ ማስረከብ ነው። ምን ላድርግ፣ እንዴት ልታይ፣ ደስ አሰኘኋት ይሆን የሚለው ጭንቀት ሁሉ ይቆማል፤ እሷ ትወስናለች። የዛኸር-ማዞኽ ውል ስድስት ወር ብሎ የሚያበቃበትን ቀን ያስቀመጠውና የሥራ ሰዓቱን የለየውም ለዚህ ይመስለኛል። ዳር ያለው ጨዋታ ስለሆነ ነው ሰው ደፍሮ የሚገባበት። ሐኪሞችም ዛሬ ከክራፍት-ኤቢንግ ዘመን ርቀዋል፤ በ2022 ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ዝርዝር ፌቲሺዝምን ለብቻው እንደ በሽታ አይቆጥርም። መለኪያው ፈቃደኝነትና ጉዳት ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄሽ። ሥልጣኑ የእሷ ነበር?

በፎቶው ውስጥ አዎ። በክፍሉ ውስጥ በከፊል። በገንዘቡ ላይ አይደለም።

ቤቲ ለቀኑ ሥራዋ ተከፈላት፤ ኔጋቲቩ (ፎቶው የሚታተምበት ዋናው ፊልም) የሱቁ ሆነ። በኋላ በ1980ዎቹ ፎቶዎቿ በኮሚክና በፖስተር እንደገና ሲነግሡ እሷ በአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ቆይታ፣ ዝናዋን እንኳ ሳታውቅ በችግር ትኖር ነበር። ገንዘብ ማግኘት የጀመረችው አርጅታ፣ ጠበቃና ወኪል ከቆሙላት በኋላ ነው። በ2008 ሎስ አንጀለስ አረፈች። ስለ ፎቶዎቹ በኋላ ስትጠየቅ አላፈረችባቸውም፤ ጥልቅ ሃይማኖተኛ ሆናም ቢሆን። ይህን ሳውቅ ደስ ይለኛል፣ ግን ያልተከፈላትን አይከፍላትም። የአዛዧ ሴት ድርሰትም አብዛኛውን ጊዜ በወንድ ደንበኛ የተጻፈ ነው፤ ምን ትልበስ፣ እንዴት ትቁም፣ ማንን ትግረፍ፣ በደብዳቤ ተነግሯል። ስለዚህ ሁሉንም «የሴት ነፃነት» ብለው የሚያወድሱትን አልከተላቸውም። «ሴቶቹ መጫወቻ ብቻ ነበሩ» የሚሉትንም አልከተልም፤ ናቲቫ ልብሱን የሠራችና የሸጠች ነጋዴ ናት፣ ፖላ ስቱዲዮውን የመራች ናት፣ ቤቲም በካሜራ ፊት ምን እንደምታደርግ አሳምራ የምታውቅ ባለሙያ ነበረች። አንድ ፎቶ ስታይ ሦስቱን ለያይተሽ ጠይቂ፤ በምስሉ ማን ያዛል፣ ካሜራውን ማን ያዘ፣ ኔጋቲቩ የማን ነው።

ፍጻሜያቸው አሳዛኝ ነው። በ1955 የሴናተር ኢስተስ ኬፎቨር ኮሚቴ፣ የወጣቶችን ጥፋት እመረምራለሁ ብሎ ክሎውን ኒው ዮርክ ላይ ጠራው። ክሎው በራሴ ላይ አልመሰክርም ብሎ ዝም አለ። ቤቲም ተጠርታ ደጅ ስትጠብቅ ዋለች፣ ሳያናግሯት ቀረ። ከዚያ ክስ በክስ ላይ መጣ። በመጨረሻ ክሎው ኔጋቲቮቹን ማጥፋት ጀመረ፣ በሺህ የሚቆጠሩ። በ1966 ሞተ። ዛሬ የምናያቸው የተረፉት ፖላ በድብቅ ከፊሎቹን ስላስቀረች ነው። ስለ እሷ ከላይ አትርሺያት ያልኩሽ ለዚህም ነው። የሚቆጨው ደግሞ ጊዜው ነው፤ በ1957 የኒው ዮርክ ፌደራል ፍርድ ቤት የኪንሲ ተቋም የተባለ የወሲብ ጥናት ማዕከል ለምርምር ያስመጣቸውን የተያዙ ፎቶዎች እንዲረከብ ፈቅዶ ነበር፣ በ1969 ደግሞ ዴንማርክ የወሲብ ፎቶን ነፃ አደረገች። ሁሉም ነገር ግልጽ ሲሆን የክሎው ዓይነቱ የተሸፈነ ፎቶ ገበያ አጣ።

ልብሱ ግን ወደ አንቺ ሙያ ገባ። ቪቪየን ዌስትውድ በ1974 ለንደን ኪንግስ ሮድ ላይ ላስቲክና ቆዳ አውጥታ ለፓንክ ወጣቶች ሸጠች። ጎልቲየ በ1990 ለማዶና ሾጣጣ ጡት ያለው ኮርሴት ሠራላት። ቬርሳቼ በ1992 ቀበቶና ቆዳውን መድረክ ላይ አወጣው። ከነዚህ ወደ ኋላ ብትሄጂ ናቲቫ ሪሻር ጋ ትደርሻለሽ፤ መመረቂያ የሚሆን ርዕስ ከፈለግሽ በሷ ላይ ሥሪ እልሻለሁ።

ፎቶ ገዝተሽ ወይም ከማኅደር አውጥተሽ ከሠራሽ ደግሞ ጀርባውን እዪ። የ1950ዎቹ ህትመት ያልተለበጠ ወረቀት ነው፤ በፕላስቲክ የተለበጠ ከሆነ ከ1960ዎቹ መጨረሻ በኋላ የታተመ ቅጂ ነው። በጨለማ በአልትራቫዮሌት መብራት አይተሽው ወረቀቱ ደምቆ ሰማያዊ ካበራ የ1930ዎቹ ፓሪስ ነው ቢሉሽ አትመኚ፤ ያንን የሚያበራ ኬሚካል ፎቶ ወረቀት ውስጥ መግባት የጀመረው በ1950ዎቹ ነው። ጥግ ላይ ቁጥርና የሞዴል ስም ካለ ሳትቆርጪ ቅጂው። የመብቱን ነገርም ከማተምሽ በፊት አጣሪ፤ የቤቲ ስምና መልክ እስከ ዛሬ ባለቤት አለው። ለክፍል ሥራ ግን ከ«ቢዛር» ጀምሪ፣ በ1990ዎቹ ታሽን የተባለ አሳታሚ ሙሉውን አንድ ላይ አትሞታል፤ የደብዳቤውን ገጽ ሳታነቢ እንዳታልፊ።